የእመት ለምለም ዘይት፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ

ሰቆጣ ስሄድ የተናደድኩት በሌላ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ወዲህ ወዳጆቼ «መንገዱ እንዴት ነበር? የዋግ ማሩስ?» እያሉ ሲጠይቁኝ በቅጡ ስለማልመልስላቸው ነው። ማሩ ነጭ ነው፣ መንገዱ ክፉ ነው። የቀረውን ሰቆጣን ረግጦ ለማያውቅ፣ ለመርገጥም ለማያስብ ሰው እነሆ ጽፌዋለሁ።

ሥራዬ የዘይት ምርመራ ነው። በአንድ የመንግሥት ላቦራቶሪ ተቀምጬ የኑግ፣ የሰሊጥ፣ የተልባ፣ የሱፍ ዘይት ይመጣልኛል፤ እኔም ዘይቱን ፈትቼ በውስጡ ያሉትን የቅባት አሲዶች እለያለሁ። የእያንዳንዱ ፍሬ ዘይት የራሱ የአሲድ ድርሻ አለው። ኑግ እንደ ሰሊጥ አይደለም፣ ሰሊጥም እንደ ተልባ አይደለም። ከሁሉ የሚለየው ጉሎ ነው፤ የእሱ ዋና አሲድ በሌሎቹ ውስጥ የለም። አዲሱ መሣሪያችን ለየአሲዱ አንድ አንድ ጉብታ ወረቀት ላይ በቀለም ይስላል። የጉሎው ጉብታ ከወጣ ጉሎ አለ ማለት ነው፤ ክርክር የለውም።

ባለፈው ግንቦት ከሰቆጣ ፖሊስ የተላከ አንድ ጠርሙስ ዘይት ደረሰኝ። በዐቢይ ጾም አንድ ተዝካር ተደግሶ፣ ወጥ የበሉ ሰዎች ታመው አንድ ሽማግሌ ሞተዋል። ዘይቱን ያወጣችው እመት ለምለም የምትባል የአንድ መሪጌታ መበለት ተይዛ ታስራለች። የተላከልኝ ጥያቄ «በዘይቱ ውስጥ መርዝ አለ ወይ?» የሚል ነበር። መረመርኩ፤ ጉብታው ወጣ። እኔም ጻፍኩ፦ «ዘይቱ የኑግ ሆኖ የጉሎ አሲድ ተገኝቶበታል። የጉሎ ፍሬ መርዛማ ነው።» ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለቱም እውነት። ፈረምኩበት፣ ማኅተም አረፈበት፣ አለቃዬም «ጎበዝ» አለኝ። በኅዳር ደግሞ የሰቆጣው ዳኛ «መርማሪው ራሱ ቀርቦ ቃሉን ይስጥ፤ ነፍስ ያለበት ነገር ነው» ብለው አዘዙ። ቃሌን ከሰጠሁ ሴትዮዋ በገመድ እንደምትሞት አለቃዬም እኔም እናውቅ ነበር።

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋጋ ተነሣ፤ ጣርማ በር ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ መለዋወጫውን ጎማ ለዘመዱ አውሶታል! በዚያ ብርድ ቆመን ከኋላ የሚመጣ መኪና ስንጠብቅ አጠገቤ የነበሩ አንዲት የከሚሴ ሴት ከጋቢያቸው ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። አመሰገንኳቸው፤ ሆዴ ግን እንደተቃጠለ ነው። ለአንዲት መርዘኛ አሮጊት ሲባል እኔ ሥራዬን ትቼ፣ ሚስቴን ትቼ፣ ዋግ ድረስ በበቅሎ ልንከራተት! የሰው ድግስ ላይ ጉሎ የሚጨምር እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው እያልኩ ሸዋ ሮቢት ደረስኩ፤ እንደዚያው እያልኩ ደሴ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ደሴ

ጠዋት የዘይቱ ጠርሙስ ባለፈበት መሥሪያ ቤት ሄጄ የጉዞ ወረቀቴን አስፈረምኩ። እዚያ ያለው ጸሐፊ ከረባቱን ያጠበቀ፣ ጠረጴዛውን በየደቂቃው በመሐረብ የሚያብስ ሰው ነው። ስሜን ሲሰማ ተነሥቶ ጨበጠኝ።

«የሰቆጣውን ዘይት የመረመሩት እርስዎ ነዎት? ጠርሙሱን አይተውት ይሆናል፤ የኔ ሥራ ነው!» አለኝ።

«እንዴት የእርስዎ ሥራ?»

«ከዚያ ሲመጣ በስልቻ ነበር እኮ! በቆዳ ስልቻ! ይሸታል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ለመንግሥት ላቦራቶሪ እንዲህ ያለ ነገር ይላካል? አፈርኩ። የታጠበ ጠርሙስ ፈልጌ ገለበጥኩት፣ ስልቻውን ለዘበኛው ሰጠሁት።»

እኔም ሳቅሁ። «ንጽሕናን የሚያውቅ ሰው ማግኘት መታደል ነው» ብዬ አመሰገንኩት። ይህን ምስጋናዬን ባስታወስኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ረቡዕ፣ ኮረም

ወልድያ አድሬ፣ ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣውን ጠመዝማዛ በጭነት መኪና ላይ ከጨው ጋር ተቀምጬ ወጣሁ። ኮረም ብርድ ነው፤ የኛን ሰላሌን አስታወሰኝ፤ ሣሩ ግን የኛን አያህልም። ያደርኩበት ቤት ቁንጫው ለራሱ አንድ አውራጃ ነው። ባለቤቲቱ ጠዋት ፊቴን አይታ «ወይኔ በማርያም! ጨርሰውህ አደሩ!» ብላ ጀርባዬን በሎሚ አሸችልኝ።

ወደ ሰቆጣ መኪና አይሄድም። ሁለት በቅሎ ያለው፣ ከጽጽቃ በኩል የመጣ አያ ገብሬ የሚባል ገበሬ ሊያደርሰኝ ተስማማ። ዕድሜው ከአምሳ በላይ ነው፤ አማርኛውን ረጋ አድርጎ ይናገራል፤ ለበቅሎዎቹ ግን በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ነው የሚነግራቸው። «አማርኛ አይሰሙም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «ይሰማሉ፤ አይታዘዙም እንጂ» አለኝ። በመንገዱ ሁሉ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ሐሙስ፣ ቁልቁለት

በማለዳ ተነሣን። ቁልቁለቱ በቅሎ ላይ የሚቀመጡበት አይደለም፤ በእግሬ ወረድኩ፤ ጫማዬ የከተማ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ በቂጤ ተቀመጥኩ። ወደ ጸላሪ ወንዝ ሲወረድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ይመጣል፤ ማሽላው ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ፍየል በየገደሉ ተሰቅሏል። እኛ ሰላሌ ሣር ላይ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ፣ ሰው ከድንጋይ ላይ እንዴት እህል ያወጣል ብሎ ይገረማል።

የነቢያት ጾም ነበር። አያ ገብሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም፤ እኔ ደግሞ መንገደኛ ነኝ ብዬ ሕሊናዬን ካሳመንኩት ቆይቷል። ቀትር ላይ ዛፍ ሥር አስቀምጦኝ ከአንድ የሚያምር አዲስ ስልቻ በሶ አውጥቶ በጨውና በውሃ በጠበጠልኝ። ጠጣሁ፤ ደገምኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዴ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝርዝር አንባቢ አይፈልገውም፤ የዋግ ቁጥቋጦ ዝቅተኛ ነው፣ መንገዱም ሰው ይበዛበታል ብል ይበቃል። አንድ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ጓድ አልፎ ሲሄድ ሁሉም ፊታቸውን በጨዋነት ወደ ማዶ አዞሩልኝ።

ያደርንበት የገበሬ ቤት ሰዎች አማርኛ አይችሉም። እግሬን አጠቡኝ፣ መደቡን ለቀቁልኝ፣ ሴትዮዋ አብሽ መትታ በቅል አመጣችልኝ። እነሱ መሬት ላይ ተኙ። ቋንቋቸውን ባለማወቄ የተናገርኩት አንድ ነገር የለም፤ እጅ ነሣሁ ብቻ።

ዓርብ፣ ስልቻው

ጠዋት ስንጫን አያ ገብሬ የራሱን ስንቅ ሲያደላድል አየሁት። ያረጀ፣ የተጨማደደ ሌላ ስልቻ! የኔ በሶ ለብቻው፣ የሱ በሶ ለብቻው። ሆዴ ገና እየተላወሰ ነውና ደሜ ፈላ። ስለ መርዝ እያሰብኩ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ የመጣልኝም ያው ነው።

«አንተ!» አልኩት። አንቱታውን ጣልኩት። «ለራስህ ሌላ ስልቻ፣ ለኔ ሌላ! ምን ጨመርክበት?»

ሰውየው እስኪገባው ድረስ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ተቆጣ፤ ቁጣው ግን ከኔ የተሻለ ቁጣ ነበር።

«እርሶ እንግዳ ኖት! ለእንግዳ ባሮጌ ስልቻ ስንቅ ይያዛልን? ይኸ ስልቻ ለርሶ ተብሎ የወጣ ነው። ለከበረ እንግዳ ብዬ አስቀድሜ ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ በእጄ ያሸሁት ነው!»

«በምን አሸኸው?»

«በጉሎ ነዋ! በምን ሊታሽ ኖሯል?»

ጆሮዬን አላመንኩትም። ስልቻውን ነጥቄ ውስጡን በጣቴ ነካሁት። ይጣበቃል። አሸተትኩት። እኛ አገር ስልቻ የሚለፋው በቅቤ ነው፤ እናቴ ስልቻ ስታሽ ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይል ነበር። ስልቻ ሲባል በአእምሮዬ ያለው እሱ ብቻ ነው።

«በቅቤ አታሹም?» አልኩት፤ ድምፄ ወርዷል።

«ቅቤ ኸየት ይመጣል? በቅቤ ስልቻ የሚያሽ የንጉሥ ልጅ ነው። ጉሎውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ቀቅለን ዘይቱን እናወጣለን፤ በሱ እናሻለን። ለከበረ ሰው ሲሆን ደግሞ እንዳይደርቅ ይበዛለታል። አዲስ ሲሆን ሆድ ያሄዳል፤ ሐቂ ነው። እኛ ለምደነዋል፤ እርሶም የምትለምዱት መስሎኝ!»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የደሴው ጸሐፊ፣ መሐረቡ፣ የታጠበው ጠርሙስ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ዘይቱ ከሰቆጣ የወጣው በስልቻ ነው። ለመንግሥት የሚላክ ነገር ደግሞ ከቶ በአሮጌ ስልቻ አይላክም። ያ የኮራሁበት ጉብታ፣ ያ «ክርክር የለውም» ያልኩት ጉብታ፣ የአንድ ሰው አክብሮት ሆኖ ሊገኝ ነው። አሮጊቷ በኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር ስምንተኛ ወሯን ታስራለች። ዘይቱ በምን ዕቃ መጣ ብሎ የሚጠይቅ አንድ መስመር ደብዳቤ መጻፍ አቅቶኝ!

አያ ገብሬን ይቅርታ ጠየቅሁት። «በሶውስ? ትቀይሩታላችሁ?» አለኝ። ያን ቀን እሱን ተከትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ፤ ከዚያ ካሮጌው ስልቻ አብረን በላን።

ቅዳሜ፣ ሰቆጣ

ከሰዓት በኋላ ገባን። የፖሊሱ የመቶ አለቃ ጫማውን አስጠርጎ ተቀበለኝ፤ «ማረፊያ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ንጹሕ ቤት ነው» ብሎ ከአንድ ቄስ ቤት አደረሰኝ። የቄሱ ሚስት ወይዘሮ ዝማም ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆናት፣ ቃሏ ጥቂት የሆነ ሴት ናት። ውሃ አሞቀችልኝ፣ አዲስ አጎዛ አነጠፈችልኝ፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። ገበታውን ስታኖር ወደ እኔ ሳታይ እንዲህ አለች፦

«ዘይት አልገባበትም። አይፍሩ።»

አባባሉ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ርቦኝ ስለነበር በላሁ።

እሑድ፣ የቤቱ ባለቤት

ከቅዳሴ መልስ ቄሱ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እመት ለምለም የሚስቱ እናት ናቸው። የመቶ አለቃው ቤቱን የመረጠው በከተማው ከዚህ የሚጸዳ ቤት ስላጣ ነው፤ ሌላ አላሰበም! እኔን ያመመኝ ግን የመቶ አለቃው አይደለም። ወይዘሮ ዝማምን ጠራኋት።

«ማን እንደሆንኩ ያውቁ ኖሯል?»

«አውቄያለሁ። ወረቀቱን የጻፉት እርሶ ኖት። እናቴን ሊያሰቅሉ መጥተዋል።»

«ታዲያ ለምን አስገቡኝ?»

«እንግዳ ኖታ! ኸደጅ ላሳድሮት?» አለች፤ ከዚያም እንጀራውን ለመሸፈን ወጣች።

አንዳንድ ደግነት ከጥፊ ይብሳል። የሆነውን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ በስልቻው ነገር ገና እርግጠኛ አልነበርኩምና። አንዴ ሳላጣራ ተናግሬ ያደረስኩት ይበቃል።

ሰኞ፣ ከመቶ አለቃው ዘንድ

ገና ከመቀመጤ «ዘይቱን በምን ላካችሁት?» ብዬ ጠየቅሁ። የመቶ አለቃው ደረቱን ነፋ።

«በአዲስ ስልቻ ነዋ! ያለው አሮጌ ነበር፤ ለመንግሥት አሮጌ ዕቃ አንልክም ብዬ አሳዘዝኩ። ባለሙያው ሁለት ቀን በጉሎ አሽቶ አመጣልኝ። እንዴት የሚያምር መሰልዎት!»

ልጮህበት ተነሥቼ ነበር። ግን በምን ልጩህበት? የመቶ አለቃው መንግሥትን አከበረ፣ ስልቻ አሺው ሙያውን አከበረ፣ ጸሐፊው ንጽሕናን አከበረ፣ እኔ መሣሪያዬን አከበርኩ። ሁሉም ሰው ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ አንዲት ሴት ወደ ገመድ ተጎተተች። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ንዴቱን የሚያሳርፍበት አጥቶ ራሱን ይበላል።

አንድ ነገር ብቻ ደግ ሆነ፤ የመቶ አለቃው ዘይቱን ሁሉ አልላከም። እኩሌታው ከተዝካሩ ቤት በተወሰደበት ቅል ውስጥ፣ አፉ በሰም ታሽጎ፣ ሣጥን ውስጥ ነበር። በሕግ አምላክ ብዬ እንዳይነካብኝ አደረግሁ። ከዚያ ከገበያ ትኩስ የኑግ ዘይት ገዛሁ፤ ከፊሉን በጠርሙስ፣ ከፊሉን ያ ባለሙያ አዲስ ባሸው ስልቻ ውስጥ አኖርኩ።

ከሰዓት በኋላ እስር ቤት ሄድኩ። እመት ለምለም ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጠላቸው ንጹሕ የሆነ ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ነህ? ሽማግሌ መስለኸኝ» አሉኝ። ከዚያ «ንገረኝ እስቲ፣ ጉሎ የት አገኘህብኝ? እኔ እኮ ጉሎ ኸቤቴ አላስገባም። ለመብራት እንኳ አላስገባም። ዘይቴ የጾም ዘይት ነው።»

«እያጣራሁ ነው፣ እመት» አልኩ።

«አሁን ነው ሚጣራው?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ

ዘይቱ ስልቻው ውስጥ እስኪሰነብት ሦስት ቀን ጠበቅሁ። እነዚያን ቀናት በሰቆጣ መንገድ ላይ ስመላለስ አሳለፍኩ። የጨው ነጋዴ ይገባል ይወጣል፤ ከኒሯቅ በኩል የመጡ ሰዎች ትግርኛ ቀላቅለው ይዋዋላሉ። የደሴ ገበያ ሰውን ይጋፋል፤ የሰቆጣው ግን መንገድ ለቆልህ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታውም ረዥም ነው። የእመት ለምለምን ስም ሳነሣ ግን ሁሉም ወሬ ይለውጣል። አንዱ ብቻ «የመንግሥት ወረቀት ነው አሉ የያዛት፤ ወረቀት ደግሞ አይዋሽም» አለኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ለማለት ወኔ አጣሁ።

ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ጠንካራ አልኮል ለመንኩ። «ለመርፌ ነው፤ አልቆብኛል» ብሎ ካመላለሰኝ በኋላ፣ ለእመት ለምለም ነገር መሆኑን ሲሰማ ጠርሙሱን ሙሉውን ሰጠኝ። በሰቆጣ መሣሪያ የለኝም፤ ነገር ግን የጉሎን ጠባይ አውቃለሁ። ሌላው ዘይት ጠንካራ አልኮል ውስጥ አይገባም፤ ተለይቶ ከሥር ይተኛል። የጉሎ ዘይት ግን ይሟሟል። ስለዚህ ዘይቱን በአልኮል አጥቦ፣ የላይኛውን አልኮል ሳህን ላይ አፍስሶ ፀሐይ ላይ ማኖር ነው። ጉሎ ከነበረ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ለተማሪ የማስተምረው ነገር ነበር፤ ለሰው ነፍስ እጠቀምበታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዓርብ፣ ችሎት

ችሎቱ ሞላ፤ ውጭም ሰው ቆመ። ዳኛው ነጭ ጢማቸው የተስተካከለ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ወረቀቴን አንሥተው አሳዩኝ።

«ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ጉሎ አለ ብለሃል።»

«በደረሰኝ ጠርሙስ ውስጥ ነበር። ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጌታዬ ቢፈቅዱልኝ በዓይንዎ ላሳይዎ።»

ፈቀዱ። በፊታቸው ሦስቱን ዘይቶች በአልኮል አጠብኩ፤ በሦስት ሳህን አፍስሼ ደጅ ፀሐይ ላይ አኖርኩ፤ ሁለት ፖሊስ ጠበቃቸው። ሰዉ ሳህኖቹን ከቦ ቆመ። አልኮሉ ሲተን የመጀመሪያውን፣ በጠርሙስ የነበረውን አመጣሁ፤ ሳህኑ ላይ ያለው ዝም ብሎ ወዝ ነው። ሁለተኛው፣ ስልቻ ውስጥ የሰነበተው፣ እንደ ማር የወፈረ ቅባት ተኝቶበታል። ዳኛው በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸው ተጣበቀ። ሦስተኛው ከቅሉ የወጣው፣ የእመት ለምለም ዘይት ነው። አርጅቶ ስለነበር ከመጀመሪያው ጥቂት ወፈር ይላል፤ ይህንንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ዳኛው ነኩት፣ አሸተቱት፣ ጣታቸውን አሻሹ።

«አይጣበቅም» አሉ።

የመቶ አለቃው ስለ ስልቻው ተጠይቆ ሁሉንም መሰከረ፤ መጨረሻ ላይ ምን እየመሰከረ እንደሆነ ሲገባው ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። ዳኛው ወረቀቴን ወደ እኔ ገፉት።

«እንግዲህ ይህን ምን እናድርገው?»

«ልጻፍበት» አልኩ። ከፊርማዬ በታች ጉሎው ከስልቻው እንደመጣ፣ በቅሉ ዘይት ውስጥ ጉሎ እንዳላገኘሁ፣ ዘይቱ ሰው ለመግደሉም ማስረጃ እንደሌለኝ ጽፌ ፈረምኩ። ማኅተም የለኝም አልኩ። ዳኛው «የሰው ቃል ይበቃል» ብለው እመት ለምለምን ነፃ አሰናበቱ። እልል ያለ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ዝማም እናቷን አቅፋ ስትወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ እኔ የከተማው ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ማዕድ

በማግስቱ ልነሣ አያ ገብሬ በቅሎዎቹን አቀረበ። ወይዘሮ ዝማም ግን «ሳይቀምሱማ አይሄዱም፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል» አለችኝ። እመት ለምለም ከማለዳ ጀምሮ ጓዳ ነበሩ። ኑጉን ራሳቸው ቆሉት፣ ወቀጡት፣ ፈጩት፣ በፈላ ውሃ እያሹ ዘይቱን አንሳፍፈው በቅል ጨለፉት። ልጃቸው ልታግዛቸው ብትል «እጄ ይፈታ፤ ስምንት ወር ተቀምጧል» አሏት።

በዘጠኝ ሰዓት ጎረቤቱ መጣ፤ ስድስት ሰባት ሰው ይሆናል። እመት ለምለምን ሳሟቸው፣ «እንኳን እግዜር አወጣዎ» አሏቸው። ቄሱ ባረከ። በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ከወጡ እኩሌታው በዘይቱ የተሠራ ሽሮ፣ እኩሌታው ደረቅ የቲማቲም ስልስ ነው። እጆች ሁሉ ወደ ስልሱ ሄዱ። እንዴት አድርገው እንደተስማሙ አላውቅም፤ አንድም እጅ ሳይሳሳት ገበታው ለሁለት ተከፈለ። እኔ ከሽሮው በላሁ፤ በቁጣ እያላመጥኩ ደጋግሜ በላሁ። እመት ለምለም አልበሉም፤ የሰዉን እጅ ያያሉ።

አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት በመጨረሻ ያፈሩ መሰለኝ። እንጀራ ቆርሰው እጃቸውን ወደ ሽሮው ዘረጉ። እመት ለምለም ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እነሱም ይስሙ። ሰውየውን ምን ገደላቸው?»

ጠላው ይሁን፣ ድስቱ ይሁን፣ ወይስ የሞቱት ሽማግሌ ይዘውት የመጡት በሽታ፣ ማንም አላስመረመረም፤ የተላከልኝ ዘይት ብቻ ነው። አሁን ምን ይመረመራል! አንዲት ውሸት ብናገር ማዕዱ ይፈታ ነበር። ድስቱ ነው ብል ይበቃል። ግን ያንን ድስት አይቼው አላውቅም፤ ድስቱም የሌላ ሴት ድስት ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

የሽማግሌው እጅ ሽሮው ላይ እንደደረሰ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ባዶውን እንጀራ ጎረሱ።

ንዴቴ ገንፍሎ ወጣ። «ምን ሆናችኋል? ዳኛው በጣታቸው ነክተውት የለም? እኔ ስበላ አታዩም? ብሉ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«ተዋቸው» አሉ እመት ለምለም። እንጀራውን ቆረሱ፣ ከራሳቸው ሽሮ አጥቅሰው ጎረሱና አላምጠው ዋጡ። «አላውቅም አልክ። እነሱም አያውቁም። ምን ያድርጉ?» ከዚያ ዓይኔን አዩኝ። «ይህችን ቃል መጀመሪያ ጽፈሃት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይበሉልኝ ነበር።»